የጨቅላ ቀይ የደም ሴል ግትር ነው ወይስ ትልቅ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ ልጄ ከተወለደች 4 ቀኗ ነው። በተወለደች ማግስት ከተረከዟ ደም ወስደው ‹ሄማቶክሪቷ 68 ነው፣ ደሟ ወፍሯል› አሉኝ። ሳለቅስ ቆየሁ። ከ2 ሰዓት በኋላ ከእጇ ደም ስር ወስደው ‹61 ነው፣ ደህና ናት› ብለው በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ሸኙን። አሁን ፊቷ ትንሽ ቢጫ ብሏል። ነርስ የሆነች የአክስቴ ልጅ ‹የጨቅላ ቀይ የደም ሴል ግትር ነው፣ እንደ ትልቅ ሰው አይተጣጠፍም፣ በቀጭን ደም ስር ሲያልፍ ይሰበራል፣ ቢጫ የሚያደርጋትም እሱ ነው› አለችኝ። እናቴ ደግሞ ደሟ እንዲቀጥን የስኳር ውሃ ስጫት ትላለች። እውነት ደሟ ግትር ነው? ከሆነስ መቼ ነው የሚለሰልሰው?»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!

መጀመሪያ የሚያስጨንቅሽን ልመልስ። ሄማቶክሪት ማለት ከደሙ ውስጥ ስንት በመቶው ቀይ ሴል ነው የሚለው ቁጥር ነው። 61 ለጨቅላ ደህና ነው፣ የልጅሽ ደም አልወፈረም። የስኳር ውሃውን ተዪው። ቢጫነቱን ግን በዓይንሽ ብቻ አይተሽ አትመኚው፣ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ግትርነቱ። የአክስትሽ ልጅ ከሜዳ ተነስታ አይደለም የተናገረችው። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያው ነበር የማስበው፣ ዛሬም ብዙ የጤና ባለሙያ ሲለው እሰማለሁ። ግን አንድ ነገር ተምታቶባታል። የጨቅላ ቀይ ሴል ግትር አይደለም፤ ትልቅ ነው። አንድ በር አላሳልፍ ያለው ሰው ወፍራም ስለሆነ ሊሆን ይችላል፣ ወገቡን ስለሚያመው ሊሆን ይችላል። በሩ ላይ ቆሞ ለሚያየው ሁለቱም ያው ናቸው፣ ለሐኪሙ ግን አይደሉም።

እስቲ ከትልቅ ሰው ሴል እንጀምር። ዲያሜትሩ ወደ 8 ማይክሮሜትር ነው፣ የአንድ ፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ ገደማ በይው። ቅርጹ ክብ ሆኖ መሀሉ በሁለቱም በኩል ጎድጎድ ያለ ነው። በጣም ቀጫጭኖቹ ደም ስሮች ደግሞ አንዳንዶቹ 4 ወይም 5 ማይክሮሜትር ብቻ ናቸው፣ ጣፊያ ውስጥ ያሉት ስንጥቆች ከዚያም አልፈው ወደ 1 ማይክሮሜትር ይጠባሉ። ስለዚህ ቀይ ሴል ዕድሜውን በሙሉ ከራሱ በሚጠብ በር ሲሾልክ ነው የሚኖረው። ይህን መጀመሪያ ካዩት ሰዎች አንዱ ሆላንዳዊው ሊወንሁክ ነበር፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በገዛ እጁ በሠራው ማጉያ መነጽር። ጤነኛ ሰው ውስጥ እነዚህ እንክብሎች በጠባቡ መንገድ ሲያልፉ ሞላላ እንደሚሆኑ፣ ሰፊ ቦታ ሲደርሱ ደግሞ ወደ ክብነታቸው እንደሚመለሱ ጽፏል።

8 የሆነ ነገር በ1 እንዴት ያልፋል? ወጥ ቤት ገብተሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ። አንድ ፌስታል ውሰጂና ግማሹን ውሃ ሙዪበት፣ አየሩን አስወጥተሽ አፉን ቋጥሪው። በጣትሽ ስትጫኚው ይገባል፣ በወንበር ጀርባ ክፍተት ብትሰጂው እየተለጠጠ፣ እየተጠማዘዘ ይሾልካል። አሁን ያንኑ ፌስታል እስኪወጠር ሙዪው። ላስቲኩ ያው ነው፣ ውሃውም ያው ነው፤ ግን አያልፍም፣ ብታስገድጂው ይፈነዳል። የለወጥሽው ነገር ላስቲኩ ከውሃው በላይ የነበረውን ትርፍ ብቻ ነው።

ቀይ ሴል ያ በግማሽ የተሞላ ፌስታል ነው። የትልቅ ሰው ሴል ይዘቱ 90 ፌምቶሊትር ገደማ ነው። ይህን ይዘት ድቡልቡል አድርጎ ለመሸፈን 97 ካሬ ማይክሮሜትር ሽፋን ይበቃ ነበር፤ ሴሉ ግን 135 ያህል አለው። ወደ 40 በመቶ ትርፍ ቆዳ ማለት ነው! የመተጣጠፉ ዋና ምስጢር ይህ ነው። ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። አንዱ ውስጡ ያለው ፈሳሽ፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን ክምችት፣ ምን ያህል ወፈር ያለ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው የሽፋኑ ባህርይ ነው፤ ከሥሩ ስፔክትሪን የሚባል ፕሮቲን እንደ መረብ ተዘርግቶ ይደግፈዋል፣ ሲለጠጥ አብሮ ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይመልሰዋል።

ጨቅላ ጋ ስንመጣ፣ በጊዜው የተወለደ ልጅ ቀይ ሴል ከትልቅ ሰው በይዘት አንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። የደም ምርመራ ወረቀቷ እጅሽ ላይ ካለ «ኤምሲቪ» የሚለውን መስመር ፈልጊ፣ የአንድ ቀይ ሴል አማካይ ይዘት ማለት ነው። የትልቅ ሰው ከ80 እስከ 100 ነው፣ የእሷ ምናልባት 105 ወይም 110 ይል ይሆናል። ማሽኑ የትልቅ ሰው መለኪያ ስለሚጠቀም ጎኑ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ያደርግበታል፣ ወላጅም ያንን ቀስት አይቶ ይደነግጣል። አትደንግጪ፣ ለዕድሜዋ ትክክል ነው። ያለጊዜያቸው የተወለዱት ደግሞ ከዚህም ይበልጣሉ። በሴሉ ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን ክምችት ግን፣ ወረቀቱ ላይ «ኤምሲኤችሲ» የሚለው፣ ከትልቅ ሰው ብዙም አይለይም። ሽፋኑስ? ጀርመናዊው የሕፃናት ሐኪም ኦትቪን ሊንደርካምፕና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው የጨቅላ ሴሎችን አንድ በአንድ በጣም በቀጠነ የመስታወት ቱቦ እየሳቡ ለኩ። የሽፋኑ ተለጣጭነት ከትልቅ ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ግን ሴሉን ወደ 3 ማይክሮሜትር በሚጠጋ ቱቦ ውስጥ ለማስገባት የበለጠ ጉልበት ጠየቀ። ለምን? ትልቅ ነዋ! ላስቲኩ አልደረቀም፣ ፌስታሉ ነው የተለቀው።

መለኪያው ሲቀየር መልሱም የሚቀየር የሚመስለው ለዚህ ነው። ሴሉን በሚፈስ ፈሳሽ ውስጥ አስገብተሽ ብትጎትቺው፣ ያ ሥራ ኤክታሳይቶሜትር በሚባል መሣሪያ ነው የሚሠራው፣ ሌዘር ጨረር ይለቅበትና የጥላው ቅርጽ ከክብ ወደ ሞላላ ሲለወጥ ይለካል፣ የጨቅላውም የትልቁም ሰው ሴል ተመሳሳይ በሆነ መጠን ይለጠጣል። በጠባብ ቀዳዳ አጥልለሽ ብትለኪው ግን የጨቅላው ይዘገያል። የመጀመሪያውን ያነበበ «ምንም ልዩነት የለም» ይላል፣ ሁለተኛውን ያነበበ «ግትር ነው» ይላል። የአክስትሽ ልጅ ሁለተኛውን ያነበበች ይመስለኛል። በነገራችን ላይ ይህ ምርመራ የምርምር ቤት ሥራ ነው፣ ለልጅሽ ማንም አያዝላትም፣ አያስፈልጋትምም።

ለምን ትልቅ ሆነ ብትዪኝ፣ ነገሩ ከማህፀን ነው የሚጀምረው። ፅንስ የሚያገኘው ኦክስጅን በእንግዴ ልጅ በኩል ተጣርቶ የሚመጣ ስለሆነ ትንሽ ነው። ያንን ለማካካስ ሰውነቱ ብዙ ቀይ ሴል በጥድፊያ ያመርታል፤ ለረጅም ጊዜ ዋናው ፋብሪካም መቅኔ ሳይሆን ጉበት ነው። በጥድፊያ የሚወጣው ሴል ትልልቅ ነው። ውስጡም የፅንስ ሄሞግሎቢን የምንለው አለ፣ ኦክስጅንን ከእናት ደም ላይ ነጥቆ ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ዓይነት። ስትወለድ ከልጅሽ ሄሞግሎቢን ከግማሽ በላዩ ይህ ነው።

«ታዲያ በጠባብ በር የሚከብደው ከሆነ ጉዳት የለውም ወይ?» ትዪ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ደስ ይላል። ተፈጥሮ በሌላ በኩል አካክሳዋለች። ደም ሴል ብቻ አይደለም፣ ሴሎቹ የሚንሳፈፉበት ፕላዝማም አለ። የጨቅላ ፕላዝማ ከትልቅ ሰው ይቀጥናል፣ ፕሮቲኑ፣ በተለይ ፋይብሪኖጅን የሚባለው፣ አነስ ያለ ነው። ፋይብሪኖጅን ቀይ ሴሎችን እንደ ሳንቲም ቁልል አንዱን በሌላው ላይ የሚያጣብቅ ነገር ነው። እሱ ሲያንስ ሴሎቹ አይቆለሉም፣ ተለያይተው ይፈስሳሉ። ነርሷ ዘመድሽ ይህንን በዓይኗ ማየት ትችላለች፦ የጤነኛ ጨቅላ ኢኤስአር፣ ማለትም ቱቦ ውስጥ በቆመ ደም ሴሎቹ በ1 ሰዓት ምን ያህል ወደ ታች እንደሚወርዱ የሚለካው ምርመራ፣ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ላይ ቁጭ ይላል፣ ሴሎቹ ተቆልለው ስለማይወርዱ።

ሌላም አለ። ደም በቀጭን ቱቦ ሲፈስ ሴሎቹ ወደ መሀል ይሰበሰባሉ፣ ጠርዙ ላይ ፕላዝማ ብቻ ይቀራልና እንደ ቅባት ያንሸራትታቸዋል። ፋሪዩስና ሊንድክቪስት የሚባሉ ሁለት ስዊድናውያን እ.ኤ.አ. በ1931 ነው ይህን ያሳዩት። ደም ከሰፊው መንገድ ይልቅ በጠባቡ ይቀጥናል ማለት ነው፣ የማይመስል ነገር ግን እውነት። ስለዚህ የልጅሽ ሴል ትልቅ ቢሆንም ቀጭን ፕላዝማ ውስጥ፣ ሳይቆለል፣ መሀል መንገድ ይዞ ስለሚሄድ አብዛኛውን ጊዜ ሳይቸገር ያልፋል።

ሚዛኑ የሚፈርሰው ሲበዙ ነው። እዚህ ላይ ነው ሄማቶክሪት የሚመጣው። ሽሮ ስትሠሪ አስቢው። ዱቄቱን እየነሰነስሽ ስታማስይ ለረጅም ጊዜ ቀጭን ነው፣ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ከዚያ አንዲት ማንኪያ ጨምረሽ ድንገት ማማሰያው ይከብድሻል። ደምም እንደዚያ ነው። ከ40 ወደ 50 ሲሄድ ውፍረቱ በመጠኑ ይጨምራል፣ 65ን ሲያልፍ ግን እያንዳንዷ ቁጥር ከበፊቷ በላይ ትከብዳለች። እኛም ከደም ስር ተወስዶ ከ65 በላይ ሲሆን ነው «ፖሊሳይቴሚያ» የምንለው። የስኳር ሕመም ያለባቸው እናቶች ልጆች፣ ማህፀን ውስጥ በደንብ ሳያድጉ የቀሩ፣ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው፣ አንዱ ከሌላው ደም የወሰደ መንታ፣ እነዚህ ላይ ይበዛል።

አሁን ወደ 68 እና 61። ይህንን ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ ምክንያቱም ያስለቀሰሽ ይህ ነው።

ተረከዝ ሲወጋ የሚወጣው ደም ከቀጫጭኖቹ ደም ስሮች ነው። የጨቅላ እግር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቃዛ ነው፣ በተለይ ጠዋት፣ በተለይ መስኮቱ ክፍት በሆነ ክፍል። ሲቀዘቅዝ ደሙ እዚያ ይዘገያል፣ ፕላዝማው እየተጣራ ይወጣል፣ ሴሎቹ ተጠራቅመው ይቀራሉ። ስለዚህ ከተረከዝ የተወሰደ ሄማቶክሪት ከደም ስር ከተወሰደው ይበልጣል። የ5 በመቶ ልዩነት ተራ ነገር ነው፣ 15 በመቶም ሊደርስ ይችላል። የልጅሽ 68 እና 61 በዚሁ ልዩነት ውስጥ ናቸው። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ግን የሚታመነው ሁለተኛው ነው። ሐኪሞችሽ ከደም ስር ደግመው በመውሰዳቸው ጎበዞች ናቸው። ምን ሊሆን እንደሚችል በመጀመሪያው ቁጥር ጊዜ ቢነግሩሽ ኖሮ ያን ሁሉ አታለቅሺም ነበር፣ ይሄን ግን እኔም ስንቴ ሳላደርገው ቀርቻለሁ።

እንዲያውም የራሴን ልንገርሽ። ሬዚደንት ሳለሁ አንድ ሌሊት የአንድ ጨቅላ ሄማቶክሪት 71 መጣልኝ። ልጁ ቀላ ያለ ነው፣ ሲነኩት ይንቀጠቀጣል። ደም አውጥቼ በምትኩ ሳላይን፣ ማለትም የጨው ውሃ፣ ላስገባ፣ ከፊል የደም ልውውጥ የምንለውን ማለት ነው፣ ስሌቱን ሠርቼ፣ ዕቃውን አዘጋጅቼ፣ አለቃዬን ቀሰቀስኳቸው። እሳቸው መጥተው ወረቀቱን አላዩም። የልጁን እግር ያዙና «በረዶ ነው እኮ! በዚህ እግር ነው የወሰድከው?» አሉኝ። በሞቀ ጨርቅ ጠቀለልነው፣ ከእጁ ደም ስር ወሰድን፣ ቱቦዋን ደሙን አሽከርክሮ በሚለየው ማሽን፣ ሴንትሪፊዩጅ ውስጥ ከተን 5 ደቂቃ ጠበቅን። እነዚያ 5 ደቂቃዎች አይረሱኝም። ስታወጪው ከታች ቀዩ፣ መሀል ላይ እንደ ክር የቀጠነች ነጭ፣ ከላይ ቢጫው ፕላዝማ ይታያል። 60 ነበር። የሚንቀጠቀጠው ስኳሩ ዝቅ ብሎ ነው፤ ጡት ከያዘ በኋላ ተወው። ከዚያ ወዲህ እግር ሳልነካ ሄማቶክሪት አላነብም።

ሌላም የሰዓት ጉዳይ አለ። ልጅ ከተወለደ በኋላ ፕላዝማው ከደም ስር ወደ ውጭ ስለሚሰርግ ሄማቶክሪት በ2 ሰዓት ዕድሜ አካባቢ ጣሪያውን ይነካና ከዚያ ይወርዳል። ስለዚህ «ስንት ነው» ብቻ ሳይሆን «ከየት ነው፣ በስንት ሰዓቷ ነው» ብለሽ ጠይቂ።

«ሲያልፍ ይሰበራል» ያለችውስ? እዚህ ላይ የተወሰነ እውነት አላት። የጨቅላ ቀይ ሴል ከትልቅ ሰው ቶሎ ይሰበራል፣ በተለይ ሲጨመቅና ሲጉላላ። ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ተረከዙ በጣም ተጨምቆ የመጣ ናሙና ፕላዝማው ሮዝ ሆኖ ይመጣል፣ ፖታስየሙም የውሸት ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ሽፋኑ በኦክስጅን ከሚመጣ ጉዳት ራሱን የሚከላከልባቸው ነገሮች ገና አልጠነከሩም። ሴሉ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ከሽፋኑ ትንሽ ትንሽ እየጣለ ትርፍ ቆዳው ያልቅበታል፣ ማለትም ፌስታሉ ይወጠራል፤ በጨቅላ ላይ ይህ ፈጠን ይላል። የትልቅ ሰው ቀይ ሴል 120 ቀን ይኖራል፣ በጊዜው የተወለደ ልጅ ከ60 እስከ 90፣ ያለጊዜው የተወለደ ከዚያም ያነሰ። ግን አስተውዪ፣ ያረጀው ነው የሚደርቀው፣ ሁሉም አይደለም።

ማይክሮስኮፕ ስር ደግሞ ሌላ የሚገርም ነገር ይታያል። የጨቅላ ሴሎች እንደ ትልቅ ሰው አንድ ወጥ አይደሉም፣ ግማሹ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል፣ አንዳንዱ ተጨማድዷል፣ ብዙዎቹ ላይ በልዩ መነጽር የሚታዩ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። ጤነኛ ትልቅ ሰው ላይ ከ100 ሴል 2 ወይም 3 ላይ ነው ጉድጓድ የሚታየው፣ በጊዜው የተወለደ ልጅ ላይ ከአራት አንዱ ላይ፣ ያለጊዜው የተወለደ ላይ ግማሽ በሚጠጋው። ይህ የሴሉ ጥፋት ብቻ አይደለም። ጣፊያ እንደ ዘበኛ ናት፣ ቅርጹ የተበላሸውን እየያዘች ታስተካክላለች ወይ ታስወግዳለች። የጨቅላዋ ጣፊያ ገና ሥራ ለማጅ ናት፣ ዝም ብላ ታሳልፋለች።

ቢጫነቷ እንግዲህ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፣ ግን ሴሉ ስለደረቀ አይደለም። ብዙ ሴል አላት፣ ዕድሜያቸው አጭር ነው፣ ሲያልቁ ሄሞግሎቢናቸው ቢሊሩቢን ወደሚባል ቢጫ ነገር ይለወጣል። በኪሎ ሲሰላ ጨቅላ ከትልቅ ሰው እጥፍና ከዚያ በላይ ቢሊሩቢን ታመርታለች። እሱን የሚያስወግደው ጉበቷ ደግሞ ገና ሥራ አልጀመረም ማለት ይቻላል። የሚገባው ብዙ፣ የሚወጣው ጥቂት። በ3ኛና በ4ኛ ቀን ፊት ቢጫ ማለቱ ለዚህ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይለቃል።

እትብቷን ቶሎ አልቆረጡ እንደሆነም ጥሩ አድርገዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 ደቂቃ በፊት አትቁረጡ ነው የሚለው። በዚያች ደቂቃ ከእንግዴ ልጁ የሚመጣው ደም ትንሽ አይደለም። አስቢው፣ 3 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ጠቅላላ ደሟ ወደ 250 ሚሊሊትር ነው፣ አንድ የውሃ ብርጭቆ! ብረቱም ለወራት ይጠቅማታል። ሄማቶክሪቷን ትንሽ ከፍ፣ ቢጫነቷንም ትንሽ ጨመር ሊያደርግ ይችላል፣ እሱ የሚከታተሉት ነገር እንጂ የሚጸጸቱበት አይደለም።

«አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነ ነው ደሟ የበዛው» የሚልሽ ሰውም አይጠፋም። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፣ እውነት ነው። የእኛ ደገኞች ላይ ግን ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት ሌላ ነገር አሳየ፤ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወንዶች አማካይ ሄሞግሎቢናቸው 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ነበር፣ ባሕር ጠለል ላይ የሚኖሩ ሰዎች ካላቸው መጠን ያልወጣ። ይህ ስለ ትልልቅ ሰዎች ነው፣ ለልጅሽ በቀጥታ አይሠራም፤ ግን በከፍታ ከማመካኘት በፊት የተረከዙን ቅዝቃዜ ማየት ይቀድማል።

ሴል በእውነት ግትር የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። ልጅ ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሲይዘው፣ በጣም ሲታፈንና ደሙ አሲድ ሲሆን ሴሉ መተጣጠፉን ያጣል። ቅዝቃዜም ደሙን ያወፍረዋል። በደም ባንክ ብዙ የቆየ ደምም ሴሎቹ እየሾሉና እየደበለበሉ ይደርቃሉ። በዘር የሚመጡም አሉ፤ አንደኛው የሽፋኑ ድጋፍ ስለሚላላ ሴሉ ቆዳውን እየጣለ ኳስ የሚሆንበት ነው፣ ያ የተወጠረው ፌስታል ማለት ነው። እነዚህ ልጆች ቢጫነታቸው በመጀመሪያው ቀን ሊጀምር ይችላል፣ ኤምሲኤችሲያቸውም ብዙ ጊዜ ከ36 በላይ ይወጣል። በቤተሰባችሁ ውስጥ በልጅነቱ ጣፊያው የወጣለት፣ በወጣትነቱ የሐሞት ጠጠር የያዘው፣ ወይም ዓይኑ ቢጫ የሚል ሰው ካለ ለሐኪሟ ንገሪው። የማጭድ ቅርጽ ያለው የደም ሕመም ደግሞ በጨቅላነት ብዙም አይታይም፣ ያው የፅንስ ሄሞግሎቢን ስለሚከላከል፤ እሱ ሲቀንስ ወደ 6 ወር አካባቢ ነው ራሱን የሚያሳየው።

የስኳር ውሃው ላይ እናትሽን አታስቀይሚያቸው፣ ግን አትስጫት። ሴሉን አያለሰልሰውም። ሆዷን ይሞላና ጡት ያስተዋታል፣ ጡት ስትተው ሰውነቷ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ሄማቶክሪቷ ይወጣል፣ ካካዋም ስለሚያንስ ቢሊሩቢኑ አይወጣላትም። ደሟ እንዲቀጥን ሰጥተሻት ታወፍሪዋለሽ ማለት ነው። ቅቤ ማስላስም ካለ እሱም ይቅር። እንገሩንና ጡቱን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቢያት፣ ተኝታም ከሆነ ቀስቅሰሽ። እግሯን አሙቂላት።

ጠዋት ፀሐይ ላይ ማውጣቱን እንደ ሕክምና አትቁጠሪው። ዛሬ፣ ካልተቻለ ግን ነገ፣ ቢሊሩቢኗን አስለኪ። ቢጫው ወደ ሆዷና ወደ እግሯ ከወረደ፣ መዳፏና ውስጥ እግሯ ቢጫ ከሆነ፣ ለመጥባት ካልነቃች፣ ሰውነቷ ከዛለ ወይም ድምፅዋ ቀጥኖ ካለቀሰች፣ ሽንቷ ከቀነሰ፣ ካካዋ እንደ ኖራ ከነጣ ነገን አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ውሰጃት።

ፖሊሳይቴሚያ የሆኑትን ምን ታደርጋላችሁ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ ምልክት የሌለበትን ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሽ ሰጥተን፣ ስኳሩን እያየን እንጠብቃለን። ከፊል የደም ልውውጥ ደሙን ወዲያው ያቀጥነዋል፣ ግን ልጁ ካደገ በኋላ ለአእምሮው የሚጠቅም መሆኑ በጥናት በደንብ አልታየም፣ አንጀት ላይም ችግር ሊያመጣ ይችላል። ዱሮ ቁጥሩን አይተን ነበር የምንሮጠው፣ አሁን ልጁን እናያለን። የልጅሽ 61 ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የለችበትም።

«መቼ ይለሰልሳል» ላልሽው፣ ትልልቆቹ ሴሎች እያለቁ በትንንሾቹ ይተካሉ። በ6 ወሯ አካባቢ ኤምሲቪዋ ወደ 78 ሊወርድ ይችላል፣ ከአንቺ ሴል ያነሰ። መሀል ላይ ግን አንድ የሚያስደነግጥ ጊዜ ይመጣልና ከአሁኑ ልንገርሽ። ጨቅላ ስትወለድ ሄሞግሎቢኗ በአማካይ 17 ገደማ ነው። ኦክስጅን በሳንባዋ እንደ ልብ ስላገኘች መቅኔዋ ምርቱን ለጊዜው ያቆማል፣ የድሮዎቹ ሴሎች ይሞታሉ፣ ምትኩ ገና ነው። በ2 ወርና በ3 ወር መሀል ለክትባት ስትወስጃት አንድ ሰው ደም ለክቶ «10.5 ነው፣ ደም አንሷታል» ሊልሽ ይችላል። በደንብ እየጠባች፣ ኪሎዋ እየጨመረ ከሆነ ለዚያ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው። ያን ቀንም ከተረከዝ ነው ወይስ ከደም ስር ብለሽ ጠይቂ።